ተማሪዎች ቻትጂፒቲን ለጥናት እንዴት ይጠቀሙበት?

ደሴ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር እንደታዘብኩት፣ ገሚሶቹ ተማሪዎቼ ቻትጂፒቲን፣ ማለትም በጽሑፍ ለጠየቁት የሚመልሰውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ፣ ሌሊት ቢጠየቅ እንኳ የማይሰለች አስጠኚ ይሉታል፤ ገሚሶቹ ደግሞ ኩረጃ መስሎ ስለሚታያቸው ተደብቀው ይጠቀሙበታል። እኔን የሚያሳስበኝ መደበቁ ነው፤ ተደብቆ የሚጠይቅ ልጅ ስሕተቱን የሚያርምለት ሰው አያገኝምና።

መሣሪያው ከተማረው እጅግ ብዙ ጽሑፍ በመነሣት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ስለሚጽፍ፣ ልክ ሲሆንም ሲሳሳትም አነጋገሩ ያው ነው። ባለፈው ወሰነ ትምህርት አንዲት ተማሪ ያስረከበችኝ የቤት ሥራ ላይ የመጽሐፍ ርእስ ከነገጽ ቁጥሩ ተጠቅሶ ነበር፤ አብረን ብንፈልገው እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም። ልጅቱ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ የሰጣትን አምና ገለበጠች እንጂ አልዋሸችም።

እንግዲህ ከቅርባችን፣ ከአምባሰል፣ የውጫሌን ውል እንውሰድ። በመጀመሪያ ስለ አንቀጽ 17 የምታውቁትን በደብተራችሁ ላይ በራሳችሁ ቃል ጻፉ፤ አምስት መስመር ብቻ ቢሆንም ይበቃል። ይህን ሳትጽፉ ስልኩን አትክፈቱ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ብላችሁ እዘዙት፦ «የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መልሱን አትንገረኝ፤ ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አንድ በአንድ ጠይቀኝና ስሳሳት የቱ ላይ እንደሆነ አመልክተኝ።»

ቀጥላችሁ ያንኑ ጉዳይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጠይቁት። የተማረው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው በጣም ያነሰ በመሆኑ መልሶቹ ሊለያዩ ይችላሉ፤ የተለያዩበትን ቦታ አስምሩና ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አመሳክሩ። ውሉ ራሱ ያጣላው በዚሁ ነበር፤ የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መገናኘት ይችላሉ ሲል፣ የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገባቸው። ዓመተ ምሕረቱንም ልብ በሉ፦ ውሉ የተፈረመው በእኛ 1881፣ በአውሮፓውያን 1889 ስለሆነ፣ መሣሪያው የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀመ ሳታረጋግጡ አትቅዱ።

ስልክ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ከሆነ ሦስት አራት ሆናችሁ ጥያቄዎቹን አስቀድማችሁ በወረቀት ካዘጋጃችሁ በኋላ ዳታ ክፈቱ። ስማችሁንና የመታወቂያ ቁጥራችሁን አታስገቡ። በቤት ሥራው መጨረሻ ላይም ምን እንደጠየቃችሁት፣ ምኑን እንደተቀበላችሁና ምኑን እንዳረማችሁ በሁለት መስመር ጻፉልኝ፤ እኔም ደብተሩን ከድኜ በቃል አስረዱኝ እላችኋለሁ።