አሮጌ መርሰዲስ ይዛችሁ ጣርማ በርን ከመውረዳችሁ በፊት

መኪናዬ በፈረንጆች የ2008 ሞዴል መርሰዲስ ናት፤ ኢ 200 ኮምፕሬሰር። ጥቁር ናት፣ መቀመጫዋ ቆዳ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሙሽራ አከራያታለሁ። ጥር ከገባ እኔም እሷም እንቅልፍ የለንም። መካኒክ አይደለሁም። ስለ ፍሬን ከማውቀው ግማሹን የተማርኩት በአንድ የሠርግ ቅዳሜ ነው።

ሙሽሮቹን ይዘን ወደ ሸዋ ሮቢት እየወረድን ነበር። ካሜራማኑ ከፊት ባለው መኪና መስኮት ተንጠልጥሎ ይቀርጸናል። የጣርማ በርን ዋሻ እንዳለፍን «ቀስ በል፣ ጉሙ ያምራል» እያለ በእጁ ምልክት ይሰጠኛል። ማርሹ አውቶማቲክ ነው፣ ዲ ላይ ነው፣ እግሬ ፍሬን ላይ ነው። እንደዚያ እያልን ብዙ ወረድን። አንድ ነገር መሽተት ጀመረ። ሙሽሪት ከኋላ «ጋሼ፣ የሚሸተው የኔ ፀጉር ነው እንዴ? ጠዋት ካስክ ውስጥ ብዙ አስቀምጠውኛል» አለችኝ። ሚዜዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ፔዳሉ እንደ ሊጥ ልስልስ ብሎ ከእግሬ ሥር እየወረደ ነበር።

ደጋግሜ ረገጥኩት፤ በሦስተኛው ትንሽ ያዘ። የማርሹን ዘንግ ወደ ግራ መታ መታ አድርጌ 2 ላይ አወረድኩት። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ያዝ አለች። ዳር ላይ ጠጠር ያለበት ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቼ ቆምኩ። «ለፎቶ ነው» አልኳቸው። እነሱ ፎቶ ሲነሱ እኔ ፈርቼ እግሬን ከፍሬኑ አላነሳሁም። ይሄም ሌላ ጥፋት ነበር፤ እመለስበታለሁ።

ምን ሆኖ ነው? ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ወደ 1900 ሜትር ቁልቁል ነው። 1600 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ የሚወጣው ሙቀት ወደ 90 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። አራት ጀሪካን ተኩል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሞተሩና ንፋሱ የሚወስዱት አለ። ማርሹን ዲ ላይ ትታችሁ ቀስ ብላችሁ ስትወርዱ ግን አብዛኛው የፍሬን ሸራውና ሸራው የሚይዘው ዲስክ ላይ ይወድቃል። ከዲስኩ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ሸራውን ዲስኩ ላይ ወደሚጫነው ካሊፐር፣ ከካሊፐሩ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል።

የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን የዶት 4 ደረጃ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል፤ እናንተ ትረግጣላችሁ፣ ካሊፐሩ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። የኔን ዘይት በማግስቱ ስናስወጣው የጠላ አተላ ይመስል ነበር። የሸጠልኝ ደላላ «ፍሬኗ ቢላ ነው» ብሎኝ ነበር።

ስለዚህ ያገለገለ የቅንጦት መኪና እንደገዛችሁ፣ ዲስክ ከመቀየራችሁም በፊት፣ የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ። ለአንድ መኪና አንድ ሊትር አካባቢ ይበቃል። ጠርሙሱ ያልተከፈተ ይሁን፤ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ተከፍቶ የከረመውን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ዶት 5 የሚለውን አትግዙ፣ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ከዶት 4 ጋር አይዋሃድም። አሮጌውን ዘይትና አየሩን ማስወጣቱ ብዙ ጊዜ ከፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው) በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀምራል። መሪው በግራ ከሆነ የኋላ ቀኝ ማለት ነው። ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ድረስ ከሥሩ አትነሱ። ዘይቱ ቀለም ስለሚበላ ኮፈኑን ስትከፍቱ መከላከያው ላይ ጨርቅ አልብሱ።

የቅንጦት መኪና ችግሩ ዝምታው ነው። አይሱዙ ፍሬኑ ሲታመም ይጮኻል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። መርሰዲስ ግን በላስቲኩና በምንጣፉ ሁሉንም አፍኖ ነው የሚይዘው። በጆሮ ሳይሆን በእግር ነው የምታውቁት። ቀጭን ጫማ አድርጉና እነዚህን ሞክሩ።

ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡት፤ ድንጋይ ይሆናል። እንደረገጣችሁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ርግጫችሁን የሚያግዘው ሰርቮ፣ ወይም ወደሱ የሚሄደው የአየር ቱቦ፣ ወይም ፓምፑ አልሠራም። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ እኩል ጫና ሰጥታችሁ ግማሽ ደቂቃ ያዙት። ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠና ከውጭ የሚፈስ ዘይት ካላያችሁ፣ ማስተሩ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች አልቀዋል። ከውጭ ንጹሕ የሆነ ማስተር ከውስጥ ሊያሳልፍ ይችላል።

የደብረ ብርሃን ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሰርቮው የሚያግዛችሁ በውጭ ያለው አየር ወደ ባዶው ሲገፋ ነው። እኛ 2840 ሜትር ላይ ነን፤ የአየሩ ጫና ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 70 በመቶ ግድም ነው። ስለዚህ ያው መኪና እኛ ጋ ትንሽ ጠንከር ብሎ ይረገጣል፤ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ይለሰልሳል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ደህና ሰርቮ ላስቀይር ነበር። ጠዋት በውርጭ ስትነሱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ርግጫዎች ቢያጉረመርሙም ዲስኩ ላይ ያደረ ዝገት ነው፣ ይጠፋል።

አሁን ወደዚያ ጥፋቴ ልመለስ። ከሠርጉ በኋላ በ80 ስሄድ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋራዡ ልጅ ሳያወርደው «ዲስኩ ተጣሟል ጋሼ፣ ይቀየር» አለኝ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዲስኩ አልተጣመመም። የጋለ ዲስክ ላይ እግራችሁን ተጭናችሁ ስትቆሙ ሸራው እዚያው ቦታ ላይ ቅሪቱን አትሞ ይሄዳል። ያ ቦታ ሌላውን ያህል እኩል አይይዝም፤ እየቆየ ውፍረቱም ይለያያል። እኔ ፎቶ እስኪያልቅ ድረስ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። ሌላው ምክንያት ዲስኩ ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት) ጋር በሚገናኝበት ፊት ላይ የተጠራቀመ ዝገት ነው። በሽቦ ብሩሽ ጠረግነው፣ ዲስኮቹን ቶርኖ ቤት ወስደን በስሱ አስላጭተናቸው። ከዚያ በፊት ግን ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን አነስተኛ ውፍረት አንብቡ፤ በውፍረት መለኪያ ለኩ። ከሱ በታች የሚያወርድ ከሆነ አይላጭም፣ ይጣላል። ጎማውን ስትመልሱ ብሎኖቹን በዙሪያ ሳይሆን በመስቀል አጥብቁ።

መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ እንዲህ አድርጉ። ፍሬን እምብዛም ሳትነኩ አሥር ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ቁሙ። እጃችሁን ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጉ፣ አትንኩ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ የሱ ካሊፐር ተጣብቋል። ብዙ ጊዜ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ነው። ተጠርገው ለፍሬን የተሠራ ግራሶ ይቀቡ፤ ተራ ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል።

በፈረንጆች ከ2002 እስከ 2006 የተሠራ ኢ ክላስ ለምትገዙ ደግሞ አንድ ከባድ ነገር። ብዙዎቹ ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ነው። ገና በር ሲከፈት ፓምፑ ራሱ ይነሳና ፒስተኑን ይገፋል። ሥርዓቱ በኮምፒውተር ሳይዘጋ ሸራ የሚያወልቅ መካኒክ ጣቱ እዚያው ሊቀር ይችላል። ፓምፑም የተቆጠረ ዕድሜ አለው፤ ሲሞላ ቀይ መብራት ያበራል። የኔ ከዚያ በኋላ የተሠራች ስለሆነች እንደ ድሮው ናት።

አዲስ ሸራ ከገባ በኋላ መግራት፣ ከዲስኩ ጋር ማላመድ አለ። እኔ እሑድ በማለዳ ወደ ጫጫ በሚወስደው ሜዳ ላይ እወጣለሁ። ከ60 ወደ 20 ጠንከር አድርጌ እቀንሳለሁ፣ ሙሉ በሙሉ ሳልቆም። ትንሽ እነዳለሁ፣ እደግማለሁ። አሥር ጊዜ ያህል። ከዚያ ፍሬን ሳልነካ እንዲበርድ እነዳለሁ። ከኋላችሁ ሰው አለመኖሩን በመስታወት እያያችሁ።

ለቁልቁለቱ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚሉት ይበቃል፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። እኔ ዋሻው ውስጥ ሳልገባ 3 ላይ አደርገዋለሁ፣ ካስፈለገ 2። እግሬን ፍሬን ላይ አላሳርፍም። ፍጥነቱ ሲበዛ ጠበቅ አድርጌ ይዤ አወርደዋለሁ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ እለቃለሁ። ሲቆም ደግሞ ማርሹ ፒ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ፣ ካስፈለገም ከጎማው ሥር ድንጋይ። የኔ መኪና የእጅ ፍሬን በእግር ነው የሚረገጠው፤ ለሱም ሰው ይስቃል።

ካሜራማኑን ከመነሳታችን በፊት ለብቻው እጠራዋለሁ። ፎቶው ደብረ ሲና ከተማ ውስጥ ነው፤ ቆሎ እየገዛን፣ ዲስኩም እየበረደ። ቁልቁለቱ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ እጁን ካወዛወዘ፣ እንዳላየሁት ሆኜ አልፈዋለሁ።