ታህቱ ላይ 1 + ኮሳይን ሲመጣ፦ የፈታሁበት መንገድ

ይረጋገጥ የተባለው ይህ ነው፦ ሳይን ሀ / (1 + ኮሳይን ሀ) = (1 − ኮሳይን ሀ) / ሳይን ሀ።

በመስቀለኛ ማባዛት ወዲያው ሳይን²ሀ = 1 − ኮሳይን²ሀ ያመጣል፤ ግን ማረጋገጫ አይሆንም። ገና ያልተረጋገጠውን እኩልነት እንደ እውነት ይዞ ስለሚነሳ መምህሩ ነጥብ ቢቀንስ ተገቢ ነው።

የሠራልኝ መንገድ ግራውን ጎን ብቻ ይዞ መሄድ ነው። ታህቱ ድምር ስለሆነ በቀጥታ የሚሰረዝ ነገር የለም፤ ስለዚህ ላዕሉንም ታህቱንም በ(1 − ኮሳይን ሀ) አባዛሁ። ታህቱ 1 − ኮሳይን²ሀ፣ ማለትም (ሳይን²ሀ + ኮሳይን²ሀ = 1 ስለሆነ) ሳይን²ሀ ሆነ። ላዕሉን ግን እንዳትዘረዝሩት! ሳይን ሀ × (1 − ኮሳይን ሀ) እንደሆነ ከቆየ አንዱ ሳይን ከታች ካለው ጋር ይሰረዝና ቀኙ ጎን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከተዘረዘረ የሚሰረዘው ይደበቃል።

ሳይን ሀ ≠ 0 ብሎ መጻፍም ግድ ነው፤ በ0° ግራው 0 ሲሆን ቀኙ ትርጉም የለውም።

ከመጀመራችሁ በፊት በ60° ሞክሩት፤ ሁለቱም ጎን 0.577 ገደማ ይሰጣል። በ0° እና በ90° መሞከር ግን ያታልላል፦ ሳይን²ሀ + ኮሳይን ሀ = 1 የሚለው ስህተት እንኳ ሁለቱን ያልፋል፣ በ60° ግን 1.25 ይወጣል።