ፍጥነቱ ያው፣ ትንፋሹ ግን ለምን ከፋ?

ባሕር ዳር ለብስክሌት የተመቸች ሜዳ ናት። ዘንባባዎቹ ሥር ዘና ብሎ ለሚነዳ ችግር የለም። ጠበቅ አድርገው የሚነዱ ግን ቁና ቁና ሲተነፍሱ «ሳንባዬ ደካማ ነው» ይላሉ። እኔ መጀመሪያ እግራችሁን ጠርጥሩ እላለሁ።

ምልክት፦ ፍጥነት ሳልጨምር ትንፋሼ ያጥራል

መጀመሪያ ላይ ከጓደኛችሁ ጋር እያወራችሁ ትነዳላችሁ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ግን «እሺ» ማለትም ይከብዳል። መንገዱ ያው፣ ነፋሱ ያው ነው።

ምክንያት፦ ቀለል አድርጎ የሚነዳ ሰው የሚወስደው ኦክስጅን በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይረጋጋል። ጠበቅ ሲል አይረጋጋም፤ ቀስ እያለ መጨመሩን ይቀጥላል። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የጭማሪው አብዛኛው ክፍል ከሚሠራው እግር እንደሚመጣ አሳይቷል። የደከመ ጡንቻ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የበለጠ ኃይል ያቃጥላል። የዛሉትን ለማገዝ የሚነሱት ፈጣን የጡንቻ ክሮችም ብርቱ ናቸው፤ ግን ኦክስጅን ያባክናሉ፣ ቶሎም ይደክማሉ። ፍጥነቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ፍጆታው እየወጣ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አትቆዩም።

መፍትሄ፦ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ከምትፈልጉት ፍጥነት ቀንሱ። ከዋናው ጉዞ በፊት ሰውነታችሁን አሙቁ፤ አሥር ደቂቃ ቀለል፣ ቀጥሎ ጥቂት ደቂቃ ጠበቅ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል እረፍት። ጠበቅ ያለችውን ክፍል አትዝለሏት፤ ቀጥሎ ያለውን የኦክስጅን ጭማሪ የምትቀንሰው እሷ ናት። በመደበኛነት ለሳምንታት የሠለጠነ ሰውም ጭማሪው ያንስለታል።

ምልክት፦ ቤዛዊት ዳገት ላይ ጭኔ ቀድሞ ይቃጠላል

ማርሹ ከብዷል። እያንዳንዱ ርግጫ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ጡንቻው ቶሎ ይዝላል። ዳገቱ ሳይጀምር ወደ ቀላል ማርሽ ቀይሩ። ቀኝ ጉልበታችሁ በ15 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ወደ ላይ እንደሚወጣ ቁጠሩ፤ 20 ከሆነ በደቂቃ 80 ዙር ነው፣ ጥሩ ነው። ዳገት ላይ ትንሽ ቢወርድ ችግር የለውም። ብስክሌታችሁ ማርሽ ከሌለው ከሥር ጀምሮ በዝግታ ውጡ። ወርዶ መግፋትም ነውር የለውም።

ምልክት፦ ሜዳውም ዳገት ሆነብኝ

ሰውነታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ብስክሌቱን እዩ። ጎማው ነፋስ ይዟል? ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ አዙሩት፤ ቶሎ ከቆመ ፍሬኑ እየነካው ይሆናል። ኮርቻው ዝቅ ካለም ጭን በከንቱ ይደክማል፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ ብቻ መታጠፍ አለበት።

ከቆላ ለመጣ እንግዳ ደግሞ ከተማዋ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ማለቷ አንድ ምክንያት ነው። በየትንፋሹ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀለል አድርጎ ይንዳ።

ደረት የሚያምና የሚያፍን፣ የሚያዞር ወይም አርፋችሁም የማይለቅ ትንፋሽ ማጠር ግን የጡንቻ ጉዳይ አይደለም። ወዲያው ቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።