የበረንዳ አሸንዳ ውሃ የት ይሂድ?

ብዙ ግቢ ውስጥ ይሄን ታዩታላችሁ። አሸንዳው ተሠርቷል፣ ቱቦው ግድግዳውን ይዞ ወርዷል፣ ከዚያ መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቀጥ። ውሃው እዚያው ግድግዳው ሥር ይንዠቀዠቃል። ሠራተኛው ግን ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል።

ውሃው ቀላል እንዳይመስላችሁ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። በረንዳችሁ 4 በ5 ሜትር ከሆነና ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ 600 ሊትር፣ ማለትም ሦስት በርሜል ሙሉ ውሃ፣ በአንድ ቱቦ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ይደፋል። የትልቁ ቤት ጣሪያ በረንዳው ላይ የሚያፈስ ከሆነ እሱንም ደምሩበት። አፈሩ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው፤ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በዚህ መሀል የበረንዳው ወለል ይነሳል፣ ግድግዳው ይተረተራል።

ስለዚህ ቱቦ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃው የት እንደሚያልቅ ወስኑ። ሽንት ቤት መስመር ላይ መቀጠል አይታሰብም፤ በአንድ ዶፍ ሴፕቲክ ታንኩ ይሞላና ወደ ቤት ይመለስባችኋል። የጎረቤት አጥር ሥርም አይሆንም፣ ጠብ መግዛት ነው።

ግቢው ተዳፋት ካለው ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። ቱቦው ጫፍ ላይ ክርን ግጠሙና በ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ከግድግዳው ቢያንስ 2 ሜትር አርቁት። በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ 2 ቢሆን ይሻላል። ልኩን ለማወቅ ግንበኞች የሚጠቀሙባት ውሃ የተሞላች ግልጽ ጎማ ትበቃለች። መውጫው ላይ ድንጋይ ወይም የተረፈ ኮብልስቶን ደርድሩ፣ አለበለዚያ ውሃው አፈሩን ይቦረቡረዋል።

መተላለፊያ ላይ ከሆነ ቅበሩት። ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ሥሩን አሸዋ አልብሱት። የቱቦው ሰፊ አፍ ሁልጊዜ ውሃው ወደሚመጣበት ይዙር። ይቺን ብዙ ሰው ይገለብጣታል፣ ከዚያ ቆሻሻ መገጣጠሚያው ላይ ይያዛል። የሚወርደው ቱቦ ከተቀበረው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ክዳን ያላት ትንሽ ማንሆል ተዉ፤ ሲደፈን እጃችሁን የምትሰዱበት እሷ ናት። አፈር ከመመለሳችሁ በፊት ሁለት ሦስት ባልዲ ውሃ ከላይ ድፉበትና መገጣጠሚያዎቹን እዩ።

መውጫ ከሌለ ሰው ቶሎ የሚያስበው ድንጋይ የተሞላ ማስረጊያ ጉድጓድ ነው። መጀመሪያ አፈሩን ፈትኑት። ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ማታ ውሃ ሙሉት፣ ጠዋት እዩት። ውሃው እንዳለ ካደረ ሐሳቡን ተዉት፤ ጥቁር አፈር ላይ ጉድጓድ መቆፈር ገንዳ መሥራት ነው። አፈሩ ውሃውን ከጠጣው ግን፣ ከቤቱ ቢያንስ 3 ሜትር አርቃችሁ ቆፍሩ። ግን አስሉት፦ 1 ሜትር ኩብ ጉድጓድ ድንጋይ ከሞላ በኋላ ለውሃ የሚተርፈው ሲሶው አካባቢ ነው፣ 350 ሊትር ቢይዝ ነው። ቀሪውን አፈሩ እየጠጣ ካልሄደ ሞልቶ ይፈስሳል። ከመሸፈናችሁ በፊት ድንጋዩ ላይ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ጣሉበት፣ አፈር እንዳይገባ።

ሮቶ ማስቀመጥም ጥሩ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር በተለይ። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ግን ልቀቋቸው፣ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዘው ነው የሚወርዱት። ከዚያ በኋላ ያለው ለልብስና ለአትክልት ይሆናል፣ ለመጠጥ ግን አትመኑት። ትንኝ እንዳይፈላበት ክደኑት። ሮቶውም ይሞላል፣ ትርፉ የሚሄድበት ቱቦ ያስፈልገዋል።

ሥራውን ግንቦት ላይ ጨርሱት። ሰኔ ከገባ ጭቃ ውስጥ ነው የምትቆፍሩት፣ ሠራተኛውም ዋጋ ይጨምራል። አጠገባችሁ ባሕር ዛፍ ወይም ጽድ ካለ የአሸንዳው አፍ ላይ የሽቦ ወንፊት አድርጉበት፣ ክረምቱ መሀልም አንዴ ወጥታችሁ ቅጠሉን ጥረጉ። ቆርቆሮው ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት በደረቅ ቀን ይሁን።