ራውተር አፕዴት ከማድረጋችሁ በፊት

ሚክሮቲክ የሚባለውን ራውተር የምትጠቀሙ፣ ከሶፍትዌሩ የአፕዴት መስመሮች አንዱ «ስቴብል» (የተረጋጋ) መባሉ አያታልላችሁ። አዳዲስ ነገር የሚገባው በዚሁ መስመር ነው። «ሎንግ ተርም» (የረጅም ጊዜ) የሚባለው መስመር ግን አልፎ አልፎ ነው የሚወጣው፤ የሚገባበትም ዋና ዋናው ጥገና ብቻ ነው። ደንበኛ የተሸከመ ራውተር ላይ እኔ የምጭነው እሱን ነው።

ስቴብል የግድ ካስፈለገ ቁጥሩን እዩት። 7.15 ከወጣ በኋላ ጥገናው 7.15.1፣ 7.15.2 እያለ ተከታትሏል። ሦስተኛ ቁጥር የሌለውን እለፉት። የለውጥ ዝርዝሩ ላይ የምትጠቀሙትን ብቻ ፈልጉ፦ ፒፒፒኦኢ (ደንበኛ በስምና በፓስወርድ የሚገናኝበት)፣ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለብዙ የሚከፍል)፣ ዋየርጋርድ (ቪፒኤን)። ተመሳሳይ ሞዴል ትርፍ ራውተር ካለ አዲሱን ስሪትና የራሳችሁን ኮንፊግ (ቅንብር) ጭናችሁ ሳምንት አቆዩት። የሜሞሪ ፍጆታው ቀን በቀን እየጨመረ ከሄደ ይቅርባችሁ።

ኤክስፖርትም (ቅንብሩ በጽሑፍ) ባክአፕም (የቅንብሩ ሙሉ ቅጂ) ወስዳችሁ ላፕቶፓችሁ ላይ አውርዱ። ራውተሩ ላይ የተተወ ባክአፕ ራውተሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። የድሮውን ስሪት ፓኬጅም (የመጫኛ ፋይል) አስቀምጡ፤ ወደኋላ መመለስ ሲያስፈልግ ኢንተርኔቱ ላይኖር ይችላል።

ሥራው ሌሊት ይሁን፣ ዓርብ ማታ ግን አይሁን። ቅዳሜ ጠዋት ስልክ የሚያነሳላችሁ የለም። ደግሞ የራውተርቦርዱ ፈርምዌር (ዕቃውን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ለብቻው ነው የሚታደሰው፤ ሁለተኛ ሪቡት ይፈልጋል። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል።