ጂኑ ተመልሶም ቅጠሉ የማይድነው ለምንድን ነው? የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ጥገና፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ አረቢዶፕሲስ (ለላብራቶሪ ጥናት የሚያገለግል ትንሽ ተክል) ላይ የክሎሮፕላስት (የቅጠሉ አረንጓዴ ምግብ ሠሪ ክፍል) ዲኤንኤ ጠጋኝ ፕሮቲኖችን ለሚያጠኑ ነው። ጂኖታይፑን (የተክሉን የጂን ዓይነት) አጣርታችኋል፣ መብራቱም አፈሩም ደህና ነው ብዬ እነሳለሁ።

ምልክት፦ ቅጠሉ ነጭና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ነው

ዝንጉርጉር ሁሉ የዲኤንኤ ጉዳት አይደለም። ቫር2 የሚባለው ሚውታንት (ጂኑ የተበላሸ ተክል) የሚዘነጎረጎረው ታይላኮይድ (የክሎሮፕላስቱ ውስጠኛ ሽፋን) ላይ ያለ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ጎድሎት ነው። ለመለየት ዝንጉርጉሩን እናት አድርጋችሁ በጤናማ ብናኝ አዳቅሉ። ልጆቹ ሁሉ አረንጓዴ ከሆኑ ችግሩ ኒውክለስ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ነጭ ወይም ዝንጉርጉር ከወጣ ግን የክሎሮፕላስቱ ወይም የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ራሱ ተጎድቷል።

ምልክት፦ የጎደለው ጂን ወደ ሚውታንቱ ተመልሷል፣ ፕሮቲኑም አለ፣ ቅጠሉ ግን ያው ነው

ደጋግሜ የማየው ይሄን ነው። ኤምኤስኤች1 በተባለው የጠጋኝ ፕሮቲን ጂን ላይ የሚሠሩ ሰዎች በተለይ ይወድቁበታል። የዕፅዋት ጄኔቲክስ ተመራማሪው ጆርጅ ሬዴይ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጂን ሚውታንት ሲጽፍ ነገሩን በግልጽ አሳይቶ ነበር፦ ጥፋቱን የሚያስነሳው የኒውክለስ ጂን ነው፣ አንዴ ከተነሳ በኋላ ግን ጥፋቱ በእናት በኩል ብቻውን ይወርዳል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ጠጋኝ ፕሮቲን ዲኤንኤው እንዳይበላሽ ይጠብቃል። ሲሰበርም ጤናማ ቅጂ አይቶ ይጠግናል። አንድ የቅጠል ሴል ውስጥ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ የክሎሮፕላስት ጂኖም ቅጂ አለ። የተበላሸው ቅጂ በሴል ክፍፍል እየተለየ አንዱን ሴል ሙሉ በሙሉ ከያዘው፣ እያዩ የሚጠግኑበት ጤናማ ቅጂ የለም። ያን ጊዜ ፕሮቲኑን ብትመልሱት ምን ያድርግ?

አንድ ተማሪ አውቃለሁ፤ ፕሮሞተሩን (ጂኑን የሚያስነሳውን ክፍል) ቀየረ፣ ታጉን (ፕሮቲኑ ላይ የተቀጠለውን መለያ) አወጣ፣ በመጨረሻ «ጥፋተኛው ይህ ጂን አይደለም» ብሎ ሊጽፍ ነበር። መዝገቡን ስናይ ጂኑን የከተተው ቀድሞ በተዘነጎረጎረ ተክል ውስጥ ነው። አበባን አግሮባክቴሪየም (ጂን ወደ ተክል የሚያስገባ ባክቴሪያ) ውስጥ ስትነክሩ ጂኑ የሚገባው እንቁላሉ ውስጥ ነው። የተበላሸው ክሎሮፕላስት እዚያው ይጠብቀዋል። ሌላ ቦታ ደግሞ ከላዩ ላይ የሚውታንቱ ስም ብቻ የተጻፈበት የዘር ፓኬት ይላካል። ስንተኛ ትውልድ ነው? እናቱ ማን ናት? የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ዘር ላይ የወራት ሥራ መጀመር በጣም ያሳዝነኛል።

መፍትሄው፦ ጤናማውን ተክል እናት አድርጉ፣ ከሚውታንቱ ብናኝ ብቻ ውሰዱ። የመጀመሪያው ትውልድ ሄትሮዚጎስ (አንድ ጤናማ፣ አንድ የተበላሸ የጂን ቅጂ ያለው) ነው፣ ክሎሮፕላስቱም ንጹሕ ነው። የሚመለሰውን ጂን በዚህ ተክል ላይ ክተቱ። ከዚያ ራሱን ሲያዳቅል ከልጆቹ ሩቡ ሆሞዚጎስ (ሁለቱም ቅጂ የተበላሸበት) ሚውታንት ይሆናሉ። ከእነዚህ ውስጥ የተመለሰውን ጂን የያዙትን ካልያዙት ወንድሞቻቸው ጋር አብራችሁ አሳድጉ። ያልያዙት እየተዘነጎረጎሩ የያዙት አረንጓዴ ከቆዩ ጂኑ ሠርቷል።

እባካችሁ፣ ሆሞዚጎሱን ትውልድ በትውልድ እየዘራችሁ አታቆዩ። ጉዳቱ ይከማቻል። ዘር የሚቀመጠው በሄትሮዚጎስ ነው። ከዝንጉርጉር ተክል ዘር ከለቀማችሁም ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ለዩት። ከአንዱ ተክል ሁለት ቅርንጫፍ ፈጽሞ የተለያየ ልጅ ይወጣል። አንድ ላይ የደባለቀ ሰው መረጃውን ጣለው ማለት ነው።

ምልክት፦ ፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዛት ዘዴ) ላይ ያልተጠበቀ ባንድ (ጄል ላይ የሚታይ የዲኤንኤ መስመር)

ጤናማውን ተክል በእኩል ዲኤንኤና በእኩል ዙር አብራችሁ ሥሩ። እሱም ላይ እኩል ከወጣ ኒውክለስ ውስጥ የተሰገሰገ የክሎሮፕላስት ቁራጭ ይሆናል፤ ሩዝ ክሮሞሶም 10 ላይ 131 ሺህ ቤዝ የሚያህል እንዲህ ያለ ቁራጭ አለ። ወይም ፖሊመሬዙ (ዲኤንኤውን የሚያባዛው ኢንዛይም) ከቅጂ ወደ ቅጂ ዘሏል። ዙሩን ቀንሱ። ያረጀ ቅጠል፣ የተቆራረጠ ዲኤንኤ አትጠቀሙ! ዋይርሊ የሚባሉት የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ጠባቂ ፕሮቲኖች በጎደሏቸው ሚውታንቶች፣ የተሰበረው ዲኤንኤ በተሳሳተ ቦታ የተጋጠመበት እውነተኛ መገጣጠሚያ ላይ አጭር ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይገኛል። ግን ፒሲአርም ያንኑ ይሠራልና መቆጣጠሪያ የሌለው ሲኩዌንስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ምልክት፦ ጂኖሙ ሲገጣጠም ትንሹ ነጠላ ክፍል (በሁለቱ ግልብጥ ድግግሞሾች መካከል ያለው) ተገልብጦ ይወጣል

ጤናማ ነው። ግልብጥ ድግግሞሾቹ፣ እያንዳንዳቸው 26,264 ቤዝ፣ እርስ በርስ ሪኮምባይን ስለሚያደርጉ (ቁራጭ ስለሚለዋወጡ) ሁለቱም አቅጣጫ አብሮ ይኖራል።

ምልክት፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን (የክሎሮፕላስት ዲኤንኤን የሚሰብር አንቲባዮቲክ) ላይ ሁሉም ችግኝ ይገረጣል

መጠኑ በዝቷል። ጤናማው የሚቋቋመውን መጠን መጀመሪያ ፈልጉ።

ምልክት፦ ነጭ ችግኞች አፈር ላይ ይሞታሉ

ምግብ መሥራት አይችሉም። ስኳር ያለበት አጋር ላይ አብቅሏቸው፣ ዲኤንኤውንም ከዚያው ውሰዱ።