ሞራው እስኪበስል አትጠብቁ፦ የዓይን ምስል ሲነሳ የሚያሳስቱ ነገሮች

ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ስለ ዓይናቸው ጠይቁ። «ሞራው ይብሰልና አስወጣዋለሁ» ይሏችኋል። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሞራ የያዘው ሌንስ (ከብሌን ጀርባ ያለው የዓይን መስታወት) ሲያብጥ አይሪሱን፣ ማለትም ብሌንን የከበበውን ባለ ቀለም ክፍል፣ ወደ ፊት ይገፋና የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበትን ማዕዘን ይዘጋል፤ ግፊቱም በሰዓታት ውስጥ ሊያሻቅብ ይችላል። ከመጠን በላይ ሲበስል ደግሞ ፕሮቲኑ ሾልኮ ያንኑ መውጫ ይደፍናል። ዓይን ቀልቶ፣ ክፉኛ አሞ፣ እይታ ደብዝዞ ካስመለሰ ዛሬውኑ ሆስፒታል ነው፤ ነገ አይባልም።

ሁለተኛው ስህተት «ኦሲቲ (በብርሃን የሚነሳ የዓይን ምስል) ተነስቻለሁ» ብሎ ማረፍ ነው። የቱን ኦሲቲ? አብዛኛውን ጊዜ ለግላኮማ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር ለሚመጣው የዓይን ነርቭ ጉዳት፣ የሚነሳው የኋላው ነርቭ ነው። እሱ ጉዳቱን ያሳያል እንጂ ግፊቱን ያመጣው ሌንሱ መሆኑን አይነግርም። ለዚያ የፊተኛው የዓይን ክፍል መነሳት አለበት። የፊቱም ኦሲቲ ቢሆን ብርሃኑ አይሪስን አልፎ በደንብ አያይም፤ ሌንሱን አንጠልጥለው የያዙት ክሮች ላልተዋል ወይ ተበጥሰዋል የሚል ጥርጣሬ ካለ ዩቢኤም የሚባለው፣ እስከ 50 ሜጋኸርዝ የሚደርስ ድምፅ የሚጠቀም አልትራሳውንድ ይሻላል። ተራው የዓይን አልትራሳውንድ 10 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ጥቅሙ ሞራው ጋርዶት የማይታየውን የኋላ ክፍል ለማየት ነው። ስለዚህ ሐኪሙን «የትኛውን ክፍል ነው የምነሳው?» በሉት፣ መብታችሁ ነው።

መብራት በርቶ ማንሳትም ያሳስታል። ብርሃን ላይ ብሌን ስለሚጠብ ጠባቡ ማዕዘን ክፍት መስሎ ይታያል። የምትነሱበት ቤት ይጨልም።

አንድ ዓይን ብቻ አስነስቶ መሄድስ? እባካችሁ ሁለቱንም። ከአይሪስ ፊት ያለው ክፍተት በሁለቱም ዓይን ጠባብ ከሆነ የዓይኑ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ በአንዱ ብቻ ከጠበበ ግን ሌንሱ አብጧል ወይ ከቦታው ተንሸራቷል ብሎ መጠርጠር ያስፈልጋል። በልጅነት እንጨት ወይ ኳስ መቶዎት ከነበረ፣ ዓመታት ቢያልፉም፣ ይናገሩ።

ምስል ሁሉን ያያል ማለትም አይሆንም። በአገራችን በብዛት የሚታየው፣ ሌንሱ ላይ እንደ ነጭ ብናኝ የሚቀመጠው ችግር በምስል ሊያመልጥ ይችላል፤ ሐኪሙ ብሌኑን አስፍቶ በማጉያው ሲያይ ነው የሚያገኘው። ግን ማዕዘኑ መጀመሪያ በጎኒዮስኮፒ (ዓይን ላይ ልዩ መነጽር አስቀምጦ ማዕዘኑን በማየት) ይታይ፣ ማስፊያው ጠብታ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ጠባብ ማዕዘን ያለው ሰው ብሌኑ ሲሰፋ ግፊቱ ድንገት ሊወጣ ይችላል።

ከፋርማሲ ገዝታችሁ የምትጨምሩትን ጠብታ አትደብቁ። ስቴሮይድ የሚባለው የብግነት መድኃኒት ካለበት እሱ ራሱ ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። ብልቃጡን ይዛችሁ ሂዱ፤ የድሮ ምስል ካለም እንደዚያው።